ክሩዝ መርከብ ላይ ኢንተርኔት፣ ኔትፍሊክስና ቪፒኤን፦ ከመሳፈራችን በፊት ምን እናዘጋጅ?

ጥያቄ፦ ሳሮን ከሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። ከባልቲሞር ተነስቶ ቤርሙዳ ደርሶ የሚመለስ የ7 ሌሊት ክሩዝ አስይዘናል። አራት ነን፦ እናቴ፣ አባቴ፣ ባለቤቴና እኔ። የሚያስፈልገን ይኸው ነው፦

እናቴ በየቀኑ አዲስ አበባ ካለች እህቷ ጋር በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እየተያዩ ይነጋገራሉ፤ ይህ እንዲቋረጥ አልፈልግም። ባለቤቴ ሁለት ቀን ከመርከቡ ላይ ሆኖ መሥራት አለበት፤ የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፕ ደግሞ ያለ ቪፒኤን (ኢንተርኔቱን ቆልፎ በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ) ምንም አይከፍትም። ማታ ማታ ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ፣ ቅዳሜ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ማየት እንፈልጋለን። ስልኮቻችን ሁሉ የአሜሪካ ሲም ናቸው፤ ስንመለስ ያልጠበቅነው ሂሳብ እንዳይጠብቀን።

መርከቡ «ሶሻል»፣ «መደበኛ» እና «ስትሪሚንግ» የሚል ሦስት ዓይነት ፓኬጅ ይሸጣል። የትኛውን፣ ለስንት መሣሪያ እንግዛ? ቪፒኤንስ ያሠራሉ?

መልስ፦ ገመድ አልባ

ሳሮን፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሰው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

መርከቡ የራሱ የሞባይል ኔትወርክ አለው። ከባሕሩ ዳርቻ 12 የባሕር ማይል ገደማ ሲርቅ ይከፈታል፣ ወደብ ሲቃረብ ይዘጋል። ስልኩ ላይ «ሴሉላር አት ሲ» ወይም 901 18 የሚል ካያችሁ እሱ ነው። ወርሃዊ ፕላናችሁ የውጭ አገር ሮሚንግ ነፃ ነው ቢልም፣ ያ የሚሠራው በአብዛኛው መሬት ላይ ላለ ኔትወርክ ነው፤ የመርከብ ኔትወርክ ለብቻው ይታሰባል። ጥሪው በየደቂቃው በዶላር ይቆጠራል፣ ዳታው በሜጋባይት። ስልክ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ፎቶ ባክአፕ ቢያደርግ ብቻ ሂሳቡ ሊከመር ይችላል።

ስለዚህ መርከቡ ከወደቡ ሳይነሣ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ፤ ከዚያ ዋይፋዩን ብቻ መልሳችሁ ክፈቱ። ዳታ ሮሚንግን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ጥሪና ቴክስት በመርከቡ ኔትወርክ መግባታቸውን ይቀጥላሉ፣ ያልተነሣ ጥሪ ወደ ድምፅ መልእክት ሲዞርም ሊያስከፍል ይችላል። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የእጅ ሰዓቱን ነው። የራሱ የሞባይል መስመር ያለው አፕል ዋች ወይም ሳምሰንግ ካላችሁ እሱም ለብቻው ኤርፕሌን ሞድ ይፈልጋል። ለጉዞ የሚሸጡ ኢሲሞችን (ያለ ካርድ ስልኩ ላይ የሚጫኑ ሲሞችን) በተመለከተ፣ ቤርሙዳ መሬት ላይ ይጠቅማሉ፤ ባሕር ላይ አብዛኞቹ አይሠሩም።

ቤርሙዳ ስትደርሱ የመርከቡ የሞባይል ኔትወርክ ስለሚዘጋ ስልኩን ከፍቶ የአገሩን መስመር መጠቀም ይቻላል። ቤርሙዳ በፕላናችሁ ውስጥ መኖሯን ግን አስቀድማችሁ ድርጅቱን ጠይቁ፤ በካሪቢያን ዝርዝር ውስጥ የማያስገቧት አሉ። መርከቡ ሊነሣ ሲል ኤርፕሌን ሞዱን መመለስ አትርሱ።

ዋይፋይ ኮሊንግን (በራሳችሁ ቁጥር በዋይፋይ መደወልን) ቤታችሁ ሳላችሁ አስተካክሉት። የአሜሪካ ድርጅቶች መጀመሪያ ሲከፈት የ911 አድራሻ ያስሞላሉ፣ ይህንን ባሕር ላይ መጨረስ አስቸጋሪ ነው። አንዴ ከተከፈተ፣ ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ሆኖ በመርከቡ ዋይፋይ ወደ አሜሪካ ቁጥር መደወልና ቴክስት መቀበል ይቻላል፤ የባንክ ኮድም በዚያው ይመጣል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ወደ ኢትዮጵያ ቁጥር ከደወላችሁ የሚታሰበው የድርጅቱ የውጭ አገር ጥሪ ዋጋ ነው። ለአዲስ አበባ ቴሌግራምና ዋትስአፕ ይሻላሉ።

አሁን ፓኬጁ። «ሶሻል» የሚባለው ሙሉ ኢንተርኔት አይደለም። የተፈቀዱ አፖች ዝርዝር አለው፣ ከዝርዝሩ ውጪ ያለው ሁሉ ዝግ ነው። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና የዋትስአፕ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይኖሩበታል። የዋትስአፕ ጥሪ ግን ሌላ ነገር ነው፤ መልእክቱ ያልፋል፣ ጥሪው «በመገናኘት ላይ» እንዳለ ይቀራል። ቴሌግራም ስሙ ዝርዝሩ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ የለም ብላችሁ ተነሡ። ለእናትሽ ይህ ፓኬጅ አይሆንም።

«መደበኛው» ድረ ገጽ፣ ኢሜይልና ባንክ ይከፍታል፤ ቪዲዮን ግን ወይ ይዘጋል ወይ ፍጥነቱን ቆርጦ ያዳክመዋል። የቪዲዮ ጥሪ፣ ኔትፍሊክስና የሥራ ስብሰባ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሄዱት «ስትሪሚንግ»፣ በሌሎች መርከቦች ደግሞ «ፕሪሚየም» በሚባለው ነው። ዋጋው እንደ መርከቡና እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ ለአንድ መሣሪያ በቀን ከ15 እስከ 30 ዶላር አስቡ። ሁለትና ከዚያ በላይ መሣሪያ አብሮ ሲገዛ የእያንዳንዱ ዋጋ ይወርዳል። ከመሳፈራችሁ በፊት በኩባንያው ድረ ገጽ መግዛት በአብዛኛው መርከቡ ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ከገዛችሁ በኋላ ዋጋው ከወረደም ሰርዛችሁ በአዲሱ ዋጋ እንድትገዙ የሚፈቅዱ ኩባንያዎች ስላሉ አልፎ አልፎ ገጹን ተመልከቱ።

ፓኬጁ የሚቆጥረው በአንድ ጊዜ የተገናኙትን መሣሪያዎች ነው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ስለዚህ ለአራታችሁ የ2 መሣሪያ ስትሪሚንግ ይበቃል።

መልስ፦ ናቲ ኔትወርክ

ከላይ በተጻፈው ሁሉ እስማማለሁ፤ የመሣሪያው ቁጥር ላይ ግን አይደለም። በቪፒኤን የሚሠራ ላፕቶፕ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል። እናትሽ ልትደውል ስትል ላፕቶፑ ከወጣ የቪፒኤኑ መስመር ይበጠሳል፣ የተከፈተው የሥራ ፋይልና ስብሰባ አብሮ ይወድቃል፣ ሲመለስም መሥሪያ ቤቱ እንደገና የማረጋገጫ ኮድ ይጠይቃል። 3 መሣሪያ ግዙ፦ አንዱ ለላፕቶፑ ብቻ፣ ሁለቱ ለአራቱ ስልኮች በፈረቃ።

ስለ ቪፒኤን ከመናገር በፊት መርከቡ የሚጠቀመው ሳተላይት የቱ እንደሆነ መታወቅ አለበት፤ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይንጠለጠላል። የድሮዎቹ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ምልክቱ ወጥቶ ወርዶ መልሱ እስኪመጣ 0.6 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። በቪዲዮ ጥሪ ላይ ሁለት ሰዎች ሳያውቁ አንዱ በሌላው ላይ የሚናገሩት በዚህ ምክንያት ነው። ኦ3ቢ የሚባሉት ሳተላይቶች በ8,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆኑ መዘግየታቸው 0.15 ሰከንድ ገደማ ነው። ስታርሊንክ በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበር መዘግየቱ በአብዛኛው ከ0.1 ሰከንድ በታች ነው። ሮያል ካሪቢያን እ.ኤ.አ. በ2022 መርከቦቹን በሙሉ በስታርሊንክ እንደሚያገናኝ አስታወቀ፤ ካርኒቫል ኮርፖሬሽንም በዚያው ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በ2024 ለሁሉም መርከቦቹ አዳረሰ። ዛሬ ከአሜሪካ የሚነሡ ትልልቅ መርከቦች አብዛኞቹ ስታርሊንክ አላቸው። ስለ ክሩዝ ኢንተርኔት የምታነቡት ምክር ከዚያ በፊት የተጻፈ ከሆነ ብዙው አልፎበታል።

ቪፒኤን በድሮዎቹ ሳተላይቶች ላይ ለምን እንደሚንቀራፈፍም ከዚህ ይገባል። የሳተላይት ኩባንያዎች ያንን የ0.6 ሰከንድ መዘግየት ለማካካስ መርከቡ ላይና መሬት ላይ ልዩ ፕሮክሲ (በመሃል ሆኖ ዳታ የሚያቀባብል ኮምፒውተር) ያስቀምጣሉ። ፕሮክሲው «ደርሶኛል» የሚለውን የቲሲፒ (ዳታው መድረሱን እያረጋገጠ የሚልክ ስልት) መልስ እዚያው መርከቡ ላይ ለስልኩ ይሰጣል፤ ስልኩም ሳይጠብቅ ዳታውን ይልካል። ቪፒኤን ስትከፍቱ ግን ሁሉም ነገር ተቆልፎ ስለሚያልፍ ፕሮክሲው ውስጡን ማየትም ማፋጠንም አይችልም። ሰው «ቪፒኤኑን ሆን ብለው አዘገዩብኝ» የሚለው አንዳንዴ ከዚህ የመጣ ነው። በስታርሊንክ ላይ ይህ ችግር ቀላል ነው።

አሁን አሠራሩ። ቪፒኤኑ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። የመርከቡን ዋይፋይ ስትይዙ ቪፒኤኑም ኪል ስዊቹም (ቪፒኤን ሲቋረጥ ኢንተርኔቱን የሚዘጋው) ጠፍተው ይሁኑ። አንድሮይድ ላይ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» የሚለውን ኦፍ አድርጉ፤ አይፎን ላይ አይክላውድ ፕራይቬት ሪሌይን ዝጉ። የመርከቡ መግቢያ ገጽ የሚመጣው መርከቡ የስልኩን የዲኤንኤስ ጥያቄ (የድረ ገጹን አድራሻ በስሙ መፈለጊያ) ወይም ያልተቆለፈ ድረ ገጽ ጠልፎ ወደ ራሱ ሲያዞር ነው፤ ጥያቄው ተቆልፎ ከወጣ የሚያዞረው ነገር ስለሌለው ባዶ ገጽ ታያላችሁ። ገጹ አሁንም ካልመጣ ብራውዘሩ ላይ በቀጥታ 1.1.1.1 ብላችሁ ጻፉ፣ ወይም የኩባንያውን አፕ ክፈቱ፤ ብዙዎቹ በአፑ በኩል ያስገባሉ። ከገባችሁ በኋላ አንድ ተራ ድረ ገጽ መከፈቱን አረጋግጡና ያን ጊዜ ቪፒኤኑን አብሩ።

አይፎን ላይ «ፕራይቬት ዋይፋይ አድሬስ» የሚለውን ለመርከቡ ኔትወርክ ብቻ ፊክስድ ወይም ኦፍ አድርጉ። መርከቡ መሣሪያውን የሚያውቀው በማክ አድራሻው (በዋይፋይ መለያ ቁጥሩ) ነው፤ አድራሻው በየጊዜው ከተቀያየረ ስልኩን እንደ አዲስ መሣሪያ ይቆጥረውና «የመሣሪያ ቁጥርዎ ሞልቷል» ይላል።

ፕሮቶኮሉን (ቪፒኤኑ የሚገናኝበትን ስልት) በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ። መጀመሪያ ዋየርጋርድ፤ ፈጣን ነው፣ በተለመደው ዩዲፒ (እንደ ቲሲፒ መድረሱን ሳይጠብቅ የሚልክ ስልት) በ51820 ፖርት፣ ማለትም የዳታ መውጫ በር፣ ይወጣል። ተገናኝቻለሁ እያለ የሚገባ ዳታ ዜሮ ከሆነ ያ ፖርት ተዘግቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አይኬኢቪ2፤ ዩዲፒ 500ና 4500ን ይጠቀማል። ዋይፋይ ኮሊንግም የሚሄደው በእነዚሁ ሁለት ፖርቶች ስለሆነ፣ ዋይፋይ ኮሊንግ የሚሠራበት መርከብ ላይ ይህኛው የማለፍ ዕድል አለው። እሱም ካልሆነ ኦፕን ቪፒኤን በቲሲፒ 443። ይህ ተራ ድረ ገጽ የሚሄድበት ፖርት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ ግን የመጨረሻ አማራጭ ይሁን። ቲሲፒ በቲሲፒ ውስጥ ሲሄድ፣ አንድ ፓኬት (የዳታ ቁራጭ) ሲጠፋ ሁለቱም እንደገና መላክ ስለሚጀምሩ መስመሩ ይታፈናል። ሳተላይት ላይ ደግሞ ፓኬት መጥፋቱ አይቀርም።

ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ትንንሽ ገጾች እየተከፈቱ ትልልቆቹ ግማሽ ላይ ቆመው የሚቀሩ ከሆነ ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) ወደ 1280 አውርዱ። ዋየርጋርድ ብዙውን ጊዜ 1420 ላይ ነው የሚነሣው፤ የመርከቡ መስመር የራሱን መጠቅለያ ሲጨምርበት ትልቁ ፓኬት አያልፍም።

ሰርቨር ስትመርጡ ለአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ የሚቀርበውን ያዙ፦ ኒውዮርክ፣ ቨርጂኒያ ወይም ማያሚ። ዳታው ከሳተላይቱ የሚወርደው መሬት ላይ ወዳለ ጣቢያ ነው፣ ለቤርሙዳ መስመር ያ ጣቢያ አሜሪካ ውስጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። የአውሮፓ ሰርቨር መምረጥ አትላንቲክን ሁለት ጊዜ ማሻገር ነው።

ለባለቤትሽ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ከላይ ያለውን ፕሮቶኮል መለዋወጥ አይመለከተውም፤ እሱ የአይቲ ክፍሉ ሥራ ነው። ከመሳፈሩ አንድ ሳምንት በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃቸው። ቪፒኤኑ በቲሲፒ 443 የሚሠራበት አማራጭ አለው ወይ? ከአሜሪካ ውጪ በሆነ የአይፒ አድራሻ (ያላችሁበትን አገር የሚያሳይ የኢንተርኔት ቁጥር) መግባት ይታገዳል ወይ? የማረጋገጫ ኮዱ በቴክስት ነው ወይስ በአፕ? በቴክስት ከሆነ ወደ ኦቴንቲኬተር አፕ ይቀይሩለት፤ አፑ ያለ ኢንተርኔትም ኮድ ያወጣል። ሁሉም ነገር በቪፒኤኑ ውስጥ እንዲያልፍ ከተደረገ የስብሰባ ቪዲዮው ይጎተታል፤ ዙም ወይም ቲምስ ከቪፒኤኑ ውጪ እንዲሄድ የሚያደርግ ሴቲንግ ካላቸው ይጠይቅ። ለሁለት ሰው የዙም ጥሪ ጥሩ ጥራት 600 ኪሎቢት በሰከንድ ይበቃዋል፣ 720ፒ ደግሞ 1.2 ሜጋቢት።

የቪፒኤን ፈቃድን በተመለከተ ኩባንያዎቹ አንድ አይደሉም። በሁሉም ፓኬጅ የሚፈቅዱ፣ በከፍተኛው ብቻ የሚፈቅዱና ጭራሽ የሚዘጉ አሉ፤ ውሳኔውም ከጊዜ ወደ ጊዜ ይለዋወጣል። ስለዚህ የሰው ወሬ ላይ አትደገፉ፤ የኩባንያውን የዋይፋይ ጥያቄና መልስ ገጽ በጉዟችሁ ሳምንት አንብቡት። «ሶሻል» ላይ ግን መሞከርም አያስፈልግም፤ ቪፒኤን ከተፈቀዱት አፖች ውጪ ስለሆነ አያልፍም። የቪፒኤኑን አፕ መሬት ላይ ሳላችሁ ጫኑ፣ ግቡበት፣ አንዴ ሞክሩት። የቪፒኤን ሻጮች ድረ ገጽ መርከቡ ላይ ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ መጫን አይቻልም።

መልስ፦ ሶሊያና

ስለ ቪዲዮው ልጨምር። የስትሪሚንግ ፓኬጅ ቢኖራችሁም በዋናነት አውርዳችሁ ሂዱ። ባሕር ላይ በሚዋልበት ቀን ከሰዓት በኋላና ማታ በሺዎች የሚቆጠር ሰው በአንድ መስመር ላይ ነው።

ኔትፍሊክስ ላይ ያወረዳችሁት ሁሉ አብሯችሁ አይቆይም። አንዳንዱ ከወረደ በ7 ቀን ያበቃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ማጫወት በተጀመረ በ48 ሰዓት። ስለዚህ ማውረዱን ለመነሻው ዋዜማ አድርጉት፣ ከዚያም ለመሞከር ብላችሁ «አጫውት» አትንኩ፤ ሰዓቱ ይጀምራል። ማስታወቂያ ያለበት ርካሹ ፕላን ከሆነ በአንድ መሣሪያ በወር የሚወርደው 15 ብቻ ነው። ሌላም ጣጣ አለ፦ ስልኩ በመርከቡ ዋይፋይ ሲገናኝ የአይፒ አድራሻው የሌላ አገር ሆኖ ከታየ፣ በዚያ አገር ፈቃድ የሌለው ያወረዳችሁት ፊልም ላይከፈት ይችላል። ኔትፍሊክስ የሚታይበትን ታብሌት ዋይፋዩን ሳታስይዙ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ብቻ ተውት።

በቀጥታ የምታዩ ከሆነ ጥራቱን ዝቅ አድርጉ። ኔትፍሊክስ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት 0.3 ጊጋባይት ገደማ፣ በመካከለኛ 0.7፣ በኤችዲ እስከ 3 ጊጋባይት ይወስዳል። በስልክ ስክሪን መካከለኛው በቂ ነው። ዩቲዩብ ላይ 480ፒ ላይ አቁሙት።

ኔትፍሊክስ የታወቁ ቪፒኤኖችን አይፒ ለይቶ ያውቃል፤ ከዘጋው የሚታያችሁ በሁሉም አገር የሚገኘው ጥቂት ፊልም ብቻ ነው። ማስታወቂያ ያለበት ፕላን ደግሞ በቪፒኤን ጭራሽ አይሠራም። የቀጥታ ስፖርትም እንዲሁ ጥብቅ ነው፤ የፕሪሚየር ሊግን ጨዋታ የሚያሳየው የስትሪሚንግ አገልግሎት ፒኮክ አሜሪካ ውስጥ ለሚታይ አይፒ ብቻ ነው። የመርከቡ አይፒ የአሜሪካ ከሆነ ያለ ምንም ቪፒኤን ይከፈታል፣ ስለዚህ መጀመሪያ እንዲሁ ሞክሩት። የቅዳሜ ጨዋታዎች በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ጠዋት ላይ ናቸው፣ ያ ሰዓት ኔትወርኩ ከማታው ይሻላል። ቤርሙዳ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም የመርከቡን ሰዓት እዩ። ደግሞ ብዙ መርከቦች የካቢን ቴሌቪዥን ላይ ስፖርት 24 የሚባል ጣቢያ አላቸው፤ ለአውሮፕላንና ለመርከብ ተብሎ የተቋቋመ ሲሆን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎችን በቀጥታ ሲያሳይ የቆየ ነው። ዋይፋይ ላይ ከመታገል በፊት እሱን ፈልጉ።

ክሮምካስት ወይም ፋየር ስቲክ ይዞ መሄድ ጥቅም የለውም። የመርከቡ ዋይፋይ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይለያያቸዋል፤ ስልኩ ክሮምካስቱን አያገኘውም። ክሮምካስቱም የመግቢያ ገጽ የሚሞላበት ብራውዘር የለውም። የሚሠራው የኤችዲኤምአይ ገመድ ነው፣ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከዩኤስቢ ሲ አዳፕተር ጋር። ርካሽ የአንድሮይድ ስልኮች ብዙዎቹ በዩኤስቢ ሲ ምስል ስለማያወጡ ቤት ሞክሩት። አንዳንድ መርከብ ላይ ደግሞ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ወደ ኤችዲኤምአይ መቀየሪያ ቁልፉ ተዘግቷል፤ ያን ጊዜ ታብሌቱ ራሱ ስክሪናችሁ ይሆናል።

መልስ፦ ናቲ ኔትወርክ

ሶሊያና ኔትፍሊክስ ቪፒኤንን ይዘጋል ያለችው ለሚሸጡት ቪፒኤኖች ልክ ነው። ቴክኒክ ለሚሞክር ሰው ሌላ መንገድ አለ፦ የራስን ቤት ሰርቨር ማድረግ። ብዙ የቤት ራውተሮች ዋየርጋርድ ሰርቨር አላቸው፤ ከሌላቸው ቴይልስኬል የሚባለውን የቪፒኤን አፕ ቤት በሚቀር አፕል ቲቪ ወይም አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ «ኤግዚት ኖድ» (የኢንተርኔት መውጫ) ማድረግ ነው። ከመርከቡ ስትገናኙ የምትወጡት በቤታችሁ አይፒ ስለሆነ ባንክም ሆነ ስትሪሚንግ ቤት ያላችሁ አድርገው ያያችኋል። ገደቡ የቤታችሁ የአፕሎድ ፍጥነት ነው፤ ወደ መርከቡ የሚላከው ሁሉ በዚያ ይወጣል። የኬብል ኢንተርኔት አፕሎዱ 10 ሜጋቢት ከሆነ አንድ ኤችዲ ቪዲዮ በ5 ሜጋቢት ያልፋል፤ ሁለት ሰው አብሮ ካየ ይጨናነቃል። ቤት ያለው መሣሪያ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ እንዲነሣ አድርጋችሁ ተዉት። ከመነሻችሁ በፊት ዋይፋዩን አጥፍታችሁ በስልኩ ዳታ ሞክሩት፤ በቤታችሁ ዋይፋይ ላይ ሆኖ መሞከር ምንም አያረጋግጥም።

ሳሮን ከሜሪላንድ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴና አባቴ ከአንዱ ስልክ ወጥቶ በሌላው መግባትን እንዴት ያደርጉታል? ትንሽ ራውተር ይዘን ሄደን ሁሉንም በእሱ ብናገናኝስ? ሌላው፣ የክረምቱን ጉዞ ዱባይ ያለችው እህቴ ጋ ሄደን ከዚያ በሚነሣ መርከብ ልናደርገው አስበናል፤ ቪፒኤን እዚያ ችግር አለው ይባላል፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ገመድ አልባ

ራውተሩን ተይው። ራውተርንና የሳተላይት ሳህንን፣ ስታርሊንክ ሚኒን ጨምሮ፣ በተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝራቸው ያስገቡ ኩባንያዎች አሉ፤ ፍተሻ ላይ ይያዛል፣ ጉዞው ሲያልቅ ይመለስላችኋል።

መውጫውና መግቢያው የሚደረገው በዚያው መግቢያ ገጽ ወይም በኩባንያው አፕ ላይ ነው። ዋይፋዩን ማጥፋት ብቻ መውጣት አይደለም፤ መርከቡ መሣሪያውን እንደተገናኘ ይቆጥረዋል። «ሎግ አውት» ወይም «ዲስኮኔክት» የሚለውን መንካት አለባቸው። ብዙ ገጾች ደግሞ ቦታው ሲሞላ ከአዲሱ ስልክ ላይ ሆኖ አሮጌውን ማስወጣት ይፈቅዳሉ፤ ለወላጆችሽ ይህ ይቀላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ አንዴ አብረሻቸው አድርጊው፣ የካቢን ቁጥርና የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ ስጫቸው። ፓኬጅ የሌለው ስልክም ቢሆን በመርከቡ ዋይፋይ የኩባንያውን አፕ መክፈት ይችላል፤ በአፑ ውስጥ እርስ በርስ መጻጻፍ አንዳንዱ ጋ ነፃ ነው፣ አንዳንዱ ጋ ጥቂት ዶላር ያስከፍላል።

ለእናትሽ ጥሪ፦ ዋትስአፕ ላይ ከሴቲንግ፣ ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ ገብተሽ «ለጥሪ አነስተኛ ዳታ ተጠቀም» የሚለውን አብሪ። ቴሌግራምም ተመሳሳይ አለው። ቴሌግራም ደውሎ ቁልፎቹን ሲለዋወጥ የሚቀር ከሆነ ፕራይቬሲ፣ ኮልስ፣ ፒር ቱ ፒር ላይ «ኔቨር» አድርጊው፤ ጥሪው በቀጥታ ስልክ ለስልክ ከመሄድ ይልቅ በቴሌግራም ሰርቨር በኩል ስለሚያልፍ አንዳንድ የተዘጉ መስመሮች ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ያለችው አክስትሽም በስልኳ ላይ ይህንኑ ብታደርግ ጥሩ ነው። ጥሪው ጠዋት ይሁን፤ በምሥራቅ አሜሪካ ጠዋት ሲሆን አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ለሁለቱም ይመቻል።

ካቢን ውስጥ ምልክቱ ሲደክም አንድ ነገር ሞክሩ። የመርከብ ግድግዳ ብረት ነው፤ ስልኩ ደግሞ ሬስቶራንት ውስጥ የያዘውን ሩቅ ማሠራጫ ሳይለቅ ካቢን ድረስ ይዞት ይመጣል። ዋይፋዩን አጥፍቶ መልሶ መክፈት ቅርብ ያለውን እንዲይዝ ያደርገዋል። ብዙ መርከቦች ማሠራጫውን ኮሪደር ላይ ስለሚሰቅሉ ከበረንዳው ይልቅ ወደ ካቢኑ በር መጠጋት ይሻላል።

የስልኮቹን የጀርባ ሥራ ደግሞ አስቀድማችሁ አጥፉ፦ የአይክላውድና የጉግል ፎቶ ባክአፕ፣ የአፕ ማሻሻያ፣ የቴሌግራምና የዋትስአፕ ራስ ሰር ቪዲዮ ማውረጃ። አይፎን ላይ ከዋይፋዩ ስም ጎን ገብቶ «ሎው ዳታ ሞድ» ማብራት፣ አንድሮይድ ላይ ኔትወርኩን «ሜተርድ» ማድረግ አብዛኛውን በአንድ ጊዜ ያቆመዋል።

መልስ፦ ዘይነብ ከሻርጃ

እህቴ ሳሮን፣ ስለ ዱባይ ልመልስልሽ። በአረብ ኤምሬትስ ቪፒኤን በራሱ የተከለከለ አይደለም፤ መሥሪያ ቤቶችና ባንኮች በግልጽ ይጠቀሙበታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው 34 ቁጥር ሕግ የሚቀጣው የአይፒ አድራሻን ደብቆ ወንጀል መፈጸምን ወይም ወንጀል እንዳይታወቅ ማድረግን ነው። ቅጣቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡ ከ500,000 እስከ 2,000,000 ድርሃም ይደርሳል። የዋትስአፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ በአገሩ መስመር ላይ የተዘጋ ነው፤ የተዘጋን ጥሪ በቪፒኤን መክፈት ደግሞ ከዚህ ሕግ ጋር ሊያጋጭ ይችላል። ስለዚህ ዱባይ መሬት ላይ ወይም ወደቡ ላይ ሳላችሁ ለጥሪ ብላችሁ ቪፒኤን አትክፈቱ። እዚህ ያለነው ፈቃድ ያለውን የጥሪ አፕ ቦቲምን እንጠቀማለን፤ አዲስ አበባ ያለችው አክስትሽ ስልክ ላይም መጫን አለበት፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጫኑላት።

መርከቡ ከወደብ ርቆ በሳተላይት ሲሄድ ዋትስአፕ ጥሪ መሥራት አለመሥራቱ የሚወሰነው ዳታው በየትኛው አገር መሬት ላይ እንደሚወርድ ነው። በዚያው ጉዞ ላይ አንድ ቀን ሠርቶ በማግሥቱ ሊቆም ይችላል። ስታርሊንክም በሁሉም አገር የውኃ ክልል ፈቃድ ስለሌለው መርከቡ ወደ አንዳንድ ወደብ ሲጠጋ ወደ ሌላ ሳተላይት ይቀየራል፤ ፍጥነቱ በድንገት ቢወርድ ስልካችሁ ላይ ስህተት አትፈልጉ። የባለቤትሽ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ለሥራው ብቻ እስከዋለ ድረስ እዚህም የተለመደ ነው፤ የግል ጥሪና ፊልም በእሱ አያሳልፍ።